አሮጌውን ወድደው አዲሱን የከፈቱት ሊቅ
የማክስ ፕላንክ የሕይወት ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

በዓለም ታሪክ አዲስ ነገር በማምጣታቸው ስማቸው የሚነሣ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን የሚንቁና ከአባቶቻቸው ሥርዓት ጋር የተጣሉ ሆነው ይነገርላቸዋል። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ታሪካቸውን በአጭሩ የማቀርበው ሊቅ ግን እንዲህ አልነበሩም። ማክስ ፕላንክ ከሃይማኖት መምህራንና ከሕግ ዐዋቂዎች ቤተ ሰብ የተወለዱ፣ ሥርዓት አክባሪ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ የቀደሙትን ሊቃውንት እንደ አባት የሚያዩ ሰው ነበሩ። ሆኖም ዘመናዊው የኳንተም ፊዚክስ የተወለደበት ቀን ሲጠየቅ የሚጠቀሰው እኒህ ሰው በበርሊን ከተማ ንግግር ያደረጉበት ቀን ነው። አሮጌውን የሚወድ ሰው አዲሱን በር እንዴት ሊከፍት ቻለ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከሕይወታቸው ታሪክ መመለስ ነው። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ማክስ ፕላንክ የተወለዱት ሚያዝያ 23 ቀን 1858 ዓ.ም. በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ኪል በምትባለው ከተማ ነው። በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አያታቸውና ቅድመ አያታቸው በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት ፕሮፌሰሮች ሲሆኑ፣ አባታቸው ደግሞ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ። ቤተ ሰቡ በ1867 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ ከተማ ስለ ተዛወረ ልጁ ማክስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በዚያ ነው። በክፍላቸው ትጉህና ጨዋ ተማሪ ነበሩ። ሙዚቃም እጅግ ይወዱ ስለ ነበረ ፒያኖ፣ ኦርጋንና ቼሎ ይጫወቱ ነበር፤ የሙዚቃ ባለሙያ ለመሆንም አስበው ነበር።

ለፊዚክስ ያላቸውን ፍቅር የተከለባቸው አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሄርማን ሙለር የተባለው ይህ መምህር ጉልበት ከቶ እንደማይጠፋ፣ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ብቻ እንደሚለወጥ ለማስረዳት ስለ አንድ ግንበኛ ይተርክ ነበር። ግንበኛው ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ በብዙ ድካም ወደ ቤቱ ጣራ ያወጣዋል። ያ ድካም በከንቱ የቀረ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ በድንጋዩ ውስጥ ተከማችቶ ምናልባት ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ድንጋዩ ተፈንቅሎ በመንገደኛ ራስ ላይ ሲወድቅ ግን የተከማቸው ጉልበት ይገለጣል። ፕላንክ ይህን ምሳሌ እስከ እርጅናቸው ድረስ አልረሱትም። ልባቸውን የነካው ምሳሌው ብቻ አልነበረም፤ ሰው ቢወድም ቢጠላም፣ ቢያውቅም ባያውቅም የማይለወጥ ሕግ በዓለም ላይ መኖሩ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወታቸውን በሙሉ የፈለጉት ይህን ነው፤ በሰው ፈቃድ፣ በአገር ልማድና በዘመን መለዋወጥ የማይናወጥ እውነት።

በ1874 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ በገቡ ጊዜ ፊሊፕ ፎን ዮሊ የተባሉ የፊዚክስ ፕሮፌሰር መክረዋቸው ነበር። የፊዚክስ ትምህርት ወደ ፍጻሜው ደርሷል፤ ሕንፃው ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው አንዳንድ ቀዳዳ መድፈን ብቻ ነው የሚል ነበር ምክሩ። ወጣቱ ፕላንክም አዲስ ነገር የማግኘት ምኞት እንደሌላቸው፣ የታወቀውን ጠንቅቀው ለመረዳት ብቻ እንደሚፈልጉ መለሱ። ዛሬም ተማሪ ሁሉ ነገሩ ሁሉ በሌሎች ተሠርቶ አልቋል የሚለውን ቃል ይሰማል። ሕንፃው አልቋል የተባለው ፊዚክስ ግን ከመሠረቱ ሊናጋ የቀሩት ሃያ ስድስት ዓመታት ብቻ ነበሩ፤ የሚያናጋውም ምንም ነገር ለማናጋት የማይሻው ያ ልጅ ነበር።

ፕላንክ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል በበርሊን ከሄልምሆልትስና ከኪርኾፍ ትምህርት ተከታተሉ። ሁለቱም ስመ ጥር ሊቃውንት ነበሩ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳይዘጋጁ የሚያስተምሩ፣ ሁለተኛው ደግሞ ደረቅ ንግግር የሚያነቡ ስለ ነበሩ ተማሪው ብዙ አልተጠቀሙም። ስለዚህ ክላውዚየስ የተባለው ሊቅ ስለ ሙቀት የጻፈውን ራሳቸው እያነበቡ ተማሩ። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ በራሱ ኃይል ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው የማይሄድበትን ሕግ መርምረው በ1879 ዓ.ም. በ21 ዓመታቸው የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ጽሑፋቸውን ግን ከታላላቆቹ ሊቃውንት ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ከዚህም በኋላ ለአምስት ዓመታት ያህል በሙኒክ ያለ ደመወዝ እያስተማሩ በአባታቸው ቤት ኖሩ። በ1885 ዓ.ም. በትውልድ ከተማቸው በኪል መምህርነት አገኙ፤ በ1887 ዓ.ም. ማሪ ሜርክ የተባለችውን አገቡ። ኪርኾፍ ከሞቱ በኋላ ደግሞ በ1889 ዓ.ም. በእርሳቸው ስፍራ እንዲያስተምሩ ወደ በርሊን ተጠሩ። ይህም ዐፄ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ሥራቸው እንመጣለን። ነገሩ የሚጀምረው ማንም ሰው በገበያ አጠገብ ሊያየው ከሚችለው ነው። ብረት ቀጥቃጭ ብረቱን በከሰል ውስጥ አስቀምጦ በወናፍ ሲያናፋው ብረቱ መጀመሪያ ይሞቃል እንጂ አያበራም፤ ከዚያ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ብርቱካንና ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ እጅግ ሲግል ደግሞ ወደ ነጭነት ያደላል። ቀጥቃጩ ከቀለሙ ብቻ ብረቱ ለመቀጥቀጥ መድረሱን ያውቃል። ሸክላም ሆነ ድንጋይ በዚያው ሙቀት ቢግል ከሞላ ጐደል በዚያው ቀለም ያበራል። የሚያበራው ዕቃ ልዩ ልዩ ሲሆን ቀለሙ አንድ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ኪርኾፍ ይህን በመመርመር ፍጹም የሆነ የሙቀት ብርሃን የሚገኘው ዙሪያው ከተዘጋና ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ካለው ባዶ ስፍራ መሆኑን አስረድተው ነበር። ይህን ለመረዳት የወይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ እናስብ። ሰው በቀትር ከሩቅ ሆኖ የዋሻውን አፍ ቢመለከት ጨለማ ይታየዋል። ድንጋዩ ግን ጥቁር አይደለም፤ በውስጡ መብራት ይዞ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ጨለማ የሚያስመስለው ከአፉ የገባው ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ በዚያው ተውጦ ስለሚቀር ነው። እንዲህ ያለ ዋሻ ዙሪያውን ቢዘጋና ግድግዳው እንደ ምድጃ ቢግል፣ በጠባቡ ቀዳዳ የሚወጣው ብርሃን የድንጋዩን ዓይነት ከቶ አይገልጥም፤ የሚገልጠው የሙቀቱን መጠን ብቻ ነው። ለብረት፣ ለሸክላና ለድንጋይ እኩል የሚሠራ ሕግ ማለት ይህ ነው። ፕላንክም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚፈልጉት የማይናወጥ ነገር በዚህ ውስጥ እንዳለ ተረድተው ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ አሳባቸውን በዚህ ላይ አደረጉ።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት በጀርመን አገር እየተስፋፋ ነበር። መንግሥትም የመብራትን ጥራት የሚለካ ተቋም በበርሊን ስላቋቋመ የሰለጠኑ ባለሙያዎች የጋለ ባዶ ዕቃን ብርሃን ቀለም በቀለም እየለዩ ይለኩ ነበር። ቪልሄልም ቪን የተባለው ሊቅ በ1896 ዓ.ም. ያወጣው ቀመር ለጊዜው ከልኬቱ ጋር የተስማማ መስሎ ነበር፤ ፕላንክም ቀመሩ ትክክል መሆኑን ከሙቀት ሕግ ያረጋገጡ መስሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ልኬቱ ከቀይ ብርሃን አልፎ ወደማይታየው የሙቀት ጨረር በዘለቀ ጊዜ ቀመሩ እንደማይሠራ ታወቀ። ጥቅምት 7 ቀን 1900 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ሃይንሪኽ ሩበንስ የተባለው ለኪ ከባለቤቱ ጋር ፕላንክን ሊጠይቅ ቤታቸው መጥቶ ያገኘውን ውጤት ነገራቸው። ፕላንክ በዚያው ምሽት ከልኬቱ ጋር የሚስማማ አዲስ ቀመር አገኙ። ጥቅምት 19 ቀን በፊዚክስ ማኅበር ፊት ባቀረቡት ጊዜም ሩበንስ ሌሊቱን ከልኬቱ ጋር አስተያይቶ ፍጹም ትክክል መሆኑን በማግሥቱ ጠዋት አበሠራቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ረክቶ በተቀመጠ ነበር። ፕላንክ ግን ቀመሩ ትክክል የሆነበትን ምክንያት እስኪያውቁ ድረስ ዕረፍት አላገኙም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በሕይወታቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ የከበደ ድካም ደከሙ። የሚወዱት የቀድሞው ፊዚክስ ጉልበትን እንደ ውኃ ያየው ነበር፤ ውኃ በገንቦም በማንኪያም ሊቀዳ ይችላል፣ የቱንም ያህል ቢያሳንሱት ይከፈላል። ፕላንክ ግን ቀመሩን ከመሠረቱ ለማስረዳት አንድ መንገድ ብቻ አገኙ። ይኸውም ጉልበት እንደ ውኃ የሚፈስ ሳይሆን በቁና ተሰፍሮ እንደሚሰጥ እህል ነው የሚል ነው። አንድ ቁና፣ ሁለት ቁና፣ ሦስት ቁና ይሰጣል እንጂ ግማሽ ቁና አይሰጥም። ይህንም መስፈሪያ ኳንተም አሉት። የመስፈሪያው ልክ ደግሞ ለሁሉ ቀለም አንድ አይደለም፤ ለቀይ ብርሃን ትንሽ፣ ለሰማያዊ ትልቅ፣ ለሐምራዊ ከዚያም የበለጠ ነው። ልኩን የሚወስነው ዛሬ የፕላንክ ቁጥር የሚባለው ነው። እርሱም በጁልና በሴኮንድ ሲቈጠር ዜሮ ነጥብ ከተጻፈ በኋላ 33 ዜሮዎች ተደርድረው ከእነርሱ ቀጥሎ 6626 ተብሎ የሚጻፍ እጅግ ጥቃቅን ቁጥር ነው።

አሁን የቀጥቃጩ ብረት ምሥጢር ይገለጣል። ብረቱ ገና በሚግልበት ጊዜ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ጉልበት የቀዩን ትንሽ ቁና ለመሙላት ይበቃል፤ የሰማያዊውን ትልቅ ቁና ለመሙላት ግን አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ይታያል። ሙቀቱ ሲበረታ ትልልቆቹም ቁናዎች መሙላት ስለሚጀምሩ ሌሎቹ ቀለሞች ይጨመሩና ብርሃኑ ወደ ነጭነት ይሄዳል። ይህንኑ በቆዳችን ላይ እናውቀዋለን። 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚጓዝ ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ፊቱ በፀሐይ ይቃጠላል፤ ቀኑን ሙሉ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ግን እንዲህ ያለ ቃጠሎ አያገኘውም። የምድጃው ጨረር ብዙ ቢሆንም በትንንሽ ቁና የተሰፈረ ነው። ከፀሐይ የሚመጣውና ከሐምራዊ በላይ ያለው ጨረር ግን ጥቂት ቢሆንም እያንዳንዱ ቁና ትልቅ ስለ ሆነ ቆዳን ይጐዳል፤ የደጋው ስስ አየርም በሚገባ አይከለክለውም።

ፕላንክ ይህን አሳብ ለጀርመን ፊዚክስ ማኅበር ያቀረቡት ታኅሣሥ 14 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው። የአድዋ ድል ከተገኘ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር። በዚያ ምሽት ከአድማጮቹ መካከል አዲስ ዘመን መጀመሩን የተረዳ ሰው ነበር ለማለት አይቻልም። ተናጋሪውም ራሳቸው ቢሆኑ በሥራቸው አልተደሰቱም። በኋላ ዘመን መለስ ብለው ሲያስቡት ሌላው መንገድ ሁሉ ተዘግቶባቸው በግድ የገቡበት የጭንቀት እርምጃ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ፕላንክ ዓለም በጥቃቅን አቶሞች መሠራቷን ለብዙ ዓመታት ሲጠራጠሩ ኖረው ነበር፤ የኦስትሪያው ሊቅ ሉድቪግ ቦልትስማን በአቶሞች ብዛትና ዕድል ሙቀትን የሚያስረዳበትንም መንገድ አይወዱትም ነበር። ይሁን እንጂ እውነቱን ለማግኘት ያስፈለጋቸው መሣሪያ የቦልትስማን መንገድ ሆኖ ስላገኙት ቀድሞ የተቃወሙትን ተቀብለው ክብሩን ለባለቤቱ ሰጡ። እስካሁን ድረስ የቦልትስማን ቁጥር ተብሎ የሚጠራውንም መጀመሪያ ያሰሉት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያገኙትን ቁና ወደ ቀድሞው ፊዚክስ ቤት መልሰው ሊያስገቡት ደከሙ፤ አልሆነላቸውም። በ1905 ዓ.ም. አልበርት አይንስታይን የተባለ በስዊስ አገር የፓተንት መሥሪያ ቤት የሚሠራ የ26 ዓመት ወጣት ብርሃን ራሱ በቁና ተሰፍሮ እንደሚጓዝ ጻፈ። ፕላንክ ይህን አሳብ ለረጅም ጊዜ አልተቀበሉትም። ያው ወጣት በዚያው ዓመት ስለ ጊዜና ስለ ቦታ የጻፈውን የሪላቲቪቲ ትምህርት ግን ከታላላቆቹ ሊቃውንት ሁሉ ቀድመው ተቀብለው አስፋፉለት፤ በ1913 ዓ.ም. ወደ በርሊን እንዲመጣም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሆነው አስጠሩት። በአንድ ነገር ባይስማሙም የሰውየውን ታላቅነት አልካዱም። በዚያው ዓመት ኒልስ ቦር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ የፕላንክን ቁጥር ወስዶ የአቶምን አሠራር ማስረዳት ጀመረ። ፕላንክም ለ1918 ዓ.ም. የተመደበውን የኖቤል ሽልማት በ1919 ዓ.ም. ተሸለሙ።

ስለ ፍልስፍናቸውም ጥቂት መናገር ይገባል። ኤርንስት ማኽ የተባለው ፈላስፋ ሳይንስ ሰው በስሜቶቹ የሚቀበለውን ነገር በአጭሩ ከማደራጀት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ አቶምም ለአሳብ የሚረዳ ምሳሌ እንጂ በእውነት ያለ ነገር አይደለም ይል ነበር። ፕላንክ በወጣትነታቸው የማኽ ተከታይ ነበሩ፤ በ1908 ዓ.ም. በላይደን ከተማ ባደረጉት ንግግር ግን በግልጥ ተቃወሙት። እንደ እርሳቸው አሳብ ዓለም ከእኛ ውጭ በእውነት አለች፤ ሰው ባይኖርም ሕጓ አይለወጥም፤ የሳይንስ ሥራ ወደዚያች ዓለም ቀስ በቀስ መቅረብ ነው። በ1925 እና በ1926 ዓ.ም. ሃይዘንበርግና ሽሮዲንገር አዲሱን የኳንተም ትምህርት ባቆሙ ጊዜ፣ አንድ አቶም መቼ ምን እንደሚያደርግ ዕድል እንጂ የተወሰነ ምክንያት አይናገርም የሚል አሳብ በሊቃውንቱ ዘንድ ነገሠ። ፕላንክና አይንስታይን ይህ አሳብ አላረካቸውም። ነገር ግን ፕላንክ በ1927 ዓ.ም. የማስተማር ወንበራቸውን የተረከባቸው ያው ሽሮዲንገር በመሆኑ ደስ አላቸው። ስለ ሃይማኖትና ስለ ሳይንስም በ1937 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር ሁለቱ እንደማይጣሉ አስረድተዋል፤ አማኝ ሰው ከእግዚአብሔር ተነሥቶ ያስባል፣ ሊቅ ደግሞ አሳቡ ሁሉ ወደዚያ ያደርሰዋል የሚል ነበር ትምህርታቸው።

ለሴቶች ትምህርት የነበራቸው አሳብ በዘመኑ ልማድ የታሰረ ነበር። ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸውን በጠቅላላው አይደግፉም ነበር፤ ልዩ ችሎታ ያላትን ግን አይከለክሉም ነበር። ሊዘ ማይትነር የተባለችው የኦስትሪያ ተወላጅ በ1907 ዓ.ም. ወደ በርሊን በመጣች ጊዜ ትምህርታቸውን እንድትከታተል ፈቀዱላት፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ረዳታቸው አደረጓት። እርሷም በኋላ የአቶም እምብርት ሊሰነጠቅ መቻሉን ካስረዱት አንዷ ሆነች። ልማዳቸውን ያሸነፈው በዐይናቸው ያዩት የተማሪዋ ችሎታ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የክብራቸው ታሪክ ነው፤ በቤታቸው የደረሰባቸው ግን የኢዮብን መከራ የሚያስታውስ ነው። የመጀመሪያ ሚስታቸው በ1909 ዓ.ም. ሞቱ። በ1911 ዓ.ም. ማርጋ ፎን ሆስሊንን አግብተው ሄርማን የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። የመጀመሪያው ልጃቸው ካርል በ1916 ዓ.ም. በቬርዳን የጦር ሜዳ ወደቀ። መንትያ ከነበሩት ሴቶች ልጆቻቸው አንዲቱ ግሬተ በ1917 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሞተች። እኅቷ ኤማ ሕፃኒቱን ልታሳድግ ሄዳ የእኅቷን ባል አገባች፤ እርሷም በ1919 ዓ.ም. እንደዚሁ በወሊድ ምክንያት ሞተች። የሁለቱም ሕፃናት ተርፈዋል። ፕላንክ በዚህ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ትምህርታቸውን አላቋረጡም፤ ማታ ማታም ፒያኖ መጫወት አልተዉም። ተራራ መውጣትም እስከ እርጅናቸው ድረስ የዘወትር መጽናኛቸው ነበር።

የሰው ታሪክ ሲጻፍ ስሕተቱም መነገር አለበት። በ1914 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር ፕላንክ የጀርመንን ጦር ሥራ በሙሉ ደግፎ በወጣው የ93 ሊቃውንት መግለጫ ላይ ፈረሙ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1916 ዓ.ም. ግን የጦሩ ሥራ ሁሉ የሚደገፍ አለመሆኑን በጋዜጣ በወጣ ደብዳቤ ገለጡ። በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን በያዘ ጊዜ ደግሞ ከዚህ የከበደ ፈተና መጣባቸው። የአይሁድ ተወላጆች የሆኑ ሊቃውንት ከየሥራቸው ሲባረሩ፣ አይንስታይንም ከአካዳሚው ሲሰናበት፣ ፕላንክ የታላቁ የምርምር ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያው ዓመት ሂትለር ዘንድ ቀርበው ስለ ፍሪትስ ሃበር ሊማልዱ ሞከሩ። ሃበር ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለማዳበሪያ የሚያውለውን ጥበብ ያገኘ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ግን በመርዝ ጋዝ ሥራው የሚወቀስ ኬሚስት ነበር። ምልጃው በቁጣ ተመለሰ። ሃበር በስደት በሞተ በዓመቱ፣ በጥር 1935 ዓ.ም. መንግሥት የመታሰቢያ በዓሉን እንዳይካፈሉ ፕሮፌሰሮችን ሲከለክል ፕላንክ በዓሉን አስቀሩት አልተባሉም፤ ቆመው መሩት።

ይሁን እንጂ አገራቸውን ትተው አልወጡም፤ በግልጥም አልተዋጉም። ማዕበሉ እስኪያልፍ ድረስ የሳይንስን ቤት መጠበቅ ይሻላል ብለው ስላሰቡ በየስብሰባው የሚፈለገውን የሂትለር ሰላምታ ይሰጡ ነበር። በዚህ ጉዳይ የሚወቅሷቸውም የሚያዝኑላቸውም አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ በሳይንስ ሥራቸው የረዳቸው ሥርዓት አክባሪነት በዚህ ስፍራ መሰናክል ሆኖባቸዋል። ልኬት አሮጌውን አሳብ ሲያፈርስ ለልኬቱ መገዛት ያውቁ ነበር፤ መንግሥት ራሱ ሕግን ሲያፈርስ ግን ለማን መገዛት እንደሚገባ በቶሎ መወሰን አልቻሉም።

የመጨረሻው መከራ ከሁሉ የባሰ ነበር። በየካቲት 1944 ዓ.ም. በበርሊን የነበረው ቤታቸው በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ፤ የዕድሜ ልክ መጻሕፍታቸው፣ ማስታወሻቸውና ደብዳቤያቸው ሁሉ ዐመድ ሆነ። በዚያው ዓመት ከመጀመሪያ ሚስታቸው ልጆች ብቻውን የቀረው ኤርቪን ሂትለርን ለመግደል ከተደረገው ሙከራ ጋር ተያይዞ ተያዘ። ኤርቪን ለአባቱ ልጅ ብቻ ሳይሆን የልብ ጓደኛም ነበር። የ86 ዓመቱ ሽማግሌ ስለ ልጃቸው ምሕረት ለመኑ፤ አልተሰማላቸውም። ኤርቪን ጥር 23 ቀን 1945 ዓ.ም. በስቅላት ተገደለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፕላንክና ባለቤታቸው ቤት አልባ ሆነው ከቆዩ በኋላ አያቶቻቸው ወዳስተማሩባት ወደ ጎቲንገን ሄዱ። በ1946 ዓ.ም. በለንደን የአይዛክ ኒውተን 300ኛ የልደት መታሰቢያ ሲከበር ከጀርመን ሊቃውንት መካከል የተጠሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. መግቢያ፣ በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሩት የምርምር ማኅበርም በስማቸው የማክስ ፕላንክ ማኅበር ተብሎ ይጠራል።

ሥራቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት የገጠር ቤት ጣራ ላይ የሚታየው የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ የሚሠራው የብርሃን ቁና የኤሌክትሮንን ቁና ስለሚሞላ ነው። የሞባይል ስልክ፣ ኮምፒዩተርና ሌዘር ሁሉ ከዚሁ ዕውቀት የተወለዱ ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የሚከተለው ነው። ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ኪሎግራም የሚባለው በፓሪስ አጠገብ ተቈልፎ የሚቀመጥ ከፕላቲኒየምና ከኢሪዲየም የተሠራ አንድ ብረት ነበር። ፕላንክ በ1899 ዓ.ም. በሰው ከተሠራ ዕቃ ይልቅ በተፈጥሮ ቁጥሮች ላይ የተመሠረቱ፣ ለሁሉ ዘመንና ለሁሉ ሕዝብ የሚያገለግሉ መለኪያዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ጽፈው ነበር። ከ120 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ኪሎግራም በዚያ ብረት መወሰኑ ቀርቶ በፕላንክ ቁጥር እንዲወሰን ሆነ። ስለዚህ ዛሬ በሮቤ ገበያ አንድ ኩንታል የባሌ ስንዴ ሲመዘን የሚዛኑ እውነተኛነት በመጨረሻ የሚያርፈው እኒህ ሰው በ1900 ዓ.ም. ባገኙት ቁጥር ላይ ነው። የቁጥሩ ልክ ለሮቤ፣ ለጎባና ለበርሊን አንድ ነው፤ ባለጠጋ አይጨምርበትም፣ ድኻም አይቀንስበትም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል። ማክስ ፕላንክ አዲሱን የከፈቱት አሮጌውን ስለ ጠሉ ሳይሆን ከአሮጌውም ከአዲሱም ይልቅ እውነትን ስለ ወደዱ ነው። አሮጌውን ሕግ ጠንቅቀው ያወቁ በመሆናቸው የት ላይ እንደማይሠራ ከሌሎች ቀድመው ለዩ፤ ልኬቱ ሲቃወማቸውም ልኬቱን ለማጣመም አልሞከሩም። እኛ የባሌ ልጆች አባቶቻችን ያቆዩልንን ሥርዓት ይዘን አዲስ ዕውቀት ወደሚጠይቀን ዘመን እንገባለን። አንዳንዱ ሁሉንም ጣሉ ይለናል፤ ሌላው ምንም አትንኩ ይለናል። የፕላንክ ታሪክ ግን የአባቶችን ትምህርት እስከ መሠረቱ እንድንማር፣ እውነት በግልጥ ስትጠይቀን ደግሞ የምንወደውን አሳብ እንኳ እንድንለቅላት ይመክረናል። የደከሙበትን ስፍራ ስናይም ይህ ድፍረት በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን በአደባባይም እንደሚያስፈልግ እንማራለን።

ውድ መምህራንም፣ በሙኒክ ሄርማን ሙለር ስለ ግንበኛው ድንጋይ የተረከው ምሳሌ ከሃያ ዓመት በላይ ተከማችቶ ቆይቶ ለዓለም ሁሉ እንደ ተገለጠ አይታችኋል። በክፍል ውስጥ የምትደክሙት ድካም ዛሬ ፍሬው ባይታይም የጠፋ አይደለም። ወላጆችም ልጃችሁ ነገሩ ሁሉ በሌሎች ተሠርቶ አልቋል ሲባል ሰምቶ ተስፋ ቢቈርጥ የማክስ ፕላንክን ታሪክ ንገሩት።